ሰባት ተኩል ፈረስ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ማሽኗ ዛሬም ቆመች። ሦስት ጊዜ። መቁረጫው የማርሹ ጥርስ መሀል ሲደርስ አቃሰተችና ቀጥ! ማብሪያውም ራሱ ዘሎ ጠፋ። ሞተሯ ይህን ሥራ አትችለውም። ሌላ ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ይምጣና ሲቃዋን ይስማ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጻፈው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አርባ ስምንት ማርሽ አዞናል። እያንዳንዱ ማርሽ አርባ ጥርስ አለው፤ ጥርስ የምታወጣልን ደግሞ ይህቺው አንዲት ፍሬዛ ነች። እስከ ሰኔ 20 ካስረከብን የዓመት ሥራ እናገኛለን። ካላስረከብን የወንድሜ ሚስት ቁርጡን ነግራኛለች። «ጋሼ፣ እኔ ከዚህ በላይ አልችልም። ማሽኗን ሸጬ ቤቱን አከራየዋለሁ» አለችኝ።

ታናሽ ወንድሜ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። ወርክሾፑ የእሷ ነው፤ እኔ ከኋላ ባለችው ክፍል እኖራለሁ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ከአልጋዬ እስከ ማሽኗ አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ነው። እሷ ከተሸጠች ጠዋት ተነስቼ ወዴት እንደምራመድ እንጃ።

ደመናው ቤቱን አጨልሞታል። አምፖሉም መቀየር አለበት፤ ዙሪያውን ቀለበት እየሠራ ያስቸግረኛል። ርካሽ ዕቃ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሁለት ጊዜ ቆመች። ሁለተኛው ላይ ጭጭ ከቶርኖው ዞሮ አየኝ። ጭጭ የቶርኖ ሠራተኛችን ነው፤ ብረት እያሽከረከረ ይቀርጻል፤ ስሙን ማን ያስታውሰዋል። ሃያ ዓመት አብረን ሠርተን ሃያ ዓረፍተ ነገር የተናገረ አይመስለኝም።

«ምን ታያለህ?» አልኩት።

«ምንም።»

ይቺም ከሃያዎቹ አንዷ ነች።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ጉድ በል! ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜም አልቆመችም። አራት ማርሽ አወጣን።

የፋብሪካው ሥዕል ላይ ያሉት ቁጥሮች ደቃቅ ናቸው። የዘንድሮ ኅትመት ሁሉ ደቃቅ ነው፤ ቀለም እየቆጠቡ ይሆናል። እንድታነብልኝ የወንድሜን ሚስት ጠራኋት፤ ከዚያ ወዲያ አልሄደችም። አጠገቤ ቆማ የፍጥነቱን ቁጥር ሁሉ መጥራት ጀመረች። «ሦስት ነው ጋሼ… አሁን ስምንት… አሁን ሦስት…» ስትል ዋለች።

ፍጥነቱን የሚመርጠው ከትንሽ መስኮት ኋላ የሚዞር ዲስክ ነው፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ተጽፎበታል፤ በየቁጥሩ ቀጭ ይላል። ስቆርጥ 3 ላይ፣ ማርሹ የታሰረበትን ጠረጴዛ ባዶውን ስመልስ 8 ላይ አደርገዋለሁ። 3 ዝግታ ነው፣ 8 ሩጫ። ለእያንዳንዱ ጥርስ እንዲህ ነው፤ ሦስት፣ ስምንት፣ ሦስት፣ ስምንት። የድሮው ዲስክ ሲሰበር ይህን ወንድሜ ነው የሠራው፤ ቁጥሮቹን በብረት ማህተም አንድ በአንድ በመዶሻ መታቸው። የ8 ማህተም ጠፍቶበት ነበርና 3ን መታ፣ ማህተሙን ገለበጠና ፊት ለፊቱ ሌላ 3 መታ፤ ስምንት ሆነ። «ሁለት ሦስት ስምንት ነው» እያለ አንድ ሳምንት ሳቀ። እንዲህ ያለውን ሒሳብ አስተማሪው አልሰማበት።

የዛሬው ምክንያት ግልጽ ነው። ቅዳሜ ትላልቆቹ ፋብሪካዎች ስለማይሠሩ ኤሌክትሪኩ ይበረታል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ሞተር ጠቅላዩ መጣ። የተቃጠለ ሞተር ሽቦ ስለሚጠቀልል ሰፈሩ ሁሉ «ጠቅላዩ» ይለዋል፤ እሱም እንደ ሹመት ይዞታል። ሽቦውን የሚያቅፍ የአምፔር መለኪያውን አጠለቀና «በል ቁረጥ» አለኝ። የወንድሜ ሚስት እንደ ቅዳሜው አጠገቤ ቆማ ቁጥሩን ጠራችልኝ። አንድ ጥርስ ቆረጥኩ። ሁለት። ሦስት።

«ወዳጄ፣ ይቺ ሞተር እንቅልፍ ላይ ነች» አለ። «ከጉልበቷ ግማሹን እንኳ አልነካህባትም። ሞተር የሚመረጠው በሚቆረጠው ብረት ነው፤ ጥልቀቱ፣ ስፋቱ፣ የምትነዳበት ፍጥነት። ለዚህ ሥራ ሦስት የፈረስ ጉልበት ይበቃል። በጣም ከፈራህ አራት አድርገው። ከዚያ በላይ ለፉከራ ነው።»

«ታዲያ ለምን ትቆማለች?»

«እሱን እኔ ልጠይቅህ እንጂ። ስትቆም በስንት ቁጥር እየነዳሃት ነው?»

«በሦስት ነዋ! በስንት ልነዳት?»

«እርግጠኛ ነህ?»

ደሜ ፈላ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ! እንዲህ ብለው አይማሉ» አለች የወንድሜ ሚስት። ፊቷ ልውጥ አለ። በመሐላ እንዲህ የሚደነግጥ ሰው አላየሁም።

መለኪያው የተበላሸ ይመስለኛል። እሱ ከሄደ በኋላ እሷን «ከነገ ጀምሮ አጠገቤ አትቁሚ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ፊደል ቆጣሪ አይደለሁም» አልኳት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

አራት ጊዜ ቆመች።

በምሳ ሰዓት ከክፍሌ ስወጣ የወንድሜ ሚስትና ጭጭ ቶርኖው ጋ ቆመው ያወራሉ። ጭጭ ያወራል!

«እስከ መቼ ነው?» አለች።

«ይተዉት፤ ራሱ ይናገራል።»

«አንድ ነገር ሳይሆን በፊት?»

ኮቴዬን ሲሰሙ ተለያዩ። ገባኝ። ከማሽኗ ሊያነሱኝ ነው። እኔ ራሴ «በቃኝ» እንድል እየጠበቁ ነው፤ ጭጭም ፍሬዛዋን ሊረከብ ጓጉቷል። ሃያ ዓመት ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲሠራ ለካ በጀርባው ሲያየኝ ኖሯል። ጥፋቱ የሞተር መሆኑን ካላሳየሁ ጥፋቱ የእኔ ሊሆን ነው። ሌላ ሦስተኛ ነገር የለም።

አርብ፣ ግንቦት 15

ተናገርኩ። ሁለቱም ባሉበት። «ሰባት ተኩል ፈረስ ያስፈልጋል» አልኩ። አምስት ልል ነበር፤ አፌ ላይ ሰባት ተኩል መጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የወንድሜ ሚስት እጇን እያሻሸች «ጋሼ፣ እሱ በሕይወት እያለ ትንሿ ሞተር ዘበኛ ነች ይል ነበር። ሲከብዳት እሷ ትቆማለች፣ እሷ ስትቆም ሌላው ሁሉ ይተርፋል ይል ነበር» አለች።

«ነፍሱን ይማረውና ሞተር አያውቅም ነበር» አልኳት።

ዋሸሁ። በሙት ላይ ዋሸሁ። ያንን ነገር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሲጀምር ሞተሩን ከማሽኗ የሚያገናኘውን ቺንጋ እንኳ ላላ አድርጎ እንዲያስር ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ሥራው ሲከብድ ቺንጋው ይንሸራተት እንጂ ብረት አይሰበር ብዬ። አሁን የራሴን ቃል ከእሷ አፍ ስሰማው ተናደድኩ።

የልብስ ስፌት መኪናዋን ልትሸጥ ነው፤ ለሞተሩ። «ለማርሹ ሥራ ከሆነ ግድ የለም» አለች። አትሸጪ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ከዲስኩ ላይ ቀይ ነገር አገኘሁ። መስኮቷ ውስጥ፣ ቁጥሩ ላይ የተለደፈ። ማን እንደ ነካካው እንጃ። ወንድሜ በእጁ የሠራውን ዕቃ እንዲህ ማበላሸት! በቲነር ነክሬ፣ በጨርቅ አሽቼ፣ አጸዳሁት። ጥግ ጥጉን በምላጭ ፋቅሁት። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

«ማነው ማሽኔን የሚቀባባ?» ብዬ ጮህኩ። ጭጭ ቶርኖውን አስነሳ። እሷ ዕቃ ታጥብ ነበር፤ አልሰማችኝ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

አዲሱ ሞተር ገባ። አራት ሰው ተሸክሞት ነው የገባ። ጠቅላዩ እያሰረ ራሱን ይነቀንቃል። «ፍየል ላይ ኮርቻ» አለ። አሮጌዋን ሞተር በዋጋው ላይ ቆጥሮ ወሰዳት። ስትወጣ አላየኋትም፤ ሆን ብዬ ዞርኩ።

ቺንጋውን ላላ ሊያደርገው ሲል «አጥብቀው» አልኩት። ሰባት ተኩል ፈረስ ገዝቼ በላላ ቺንጋ ልጎትት ነው?

አስነሳኋት። አቤት ድምፅ! ወለሉ በጫማዬ ውስጥ ይሰማኛል። ከሰዓት በኋላ ሁለት ማርሽ አወጣሁ፤ አንዴም አላቃሰተችም። ጠረጴዛው አንዳንዴ የቸኮለ መሰለኝ፤ የጉልበት ነገር ነው። «እንዴት ነው?» አልኩት ጭጭን። «ጉልበታም ነው» አለ። እስቲ አሁን ምን ይሉኛል!

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

መቁረጫው ተሰበረ።

ከነበሩን ሦስት አንዱ። ብረቱ ውስጥ ደረቅ ቦታ ነበረው ማለት ነው። ብረት ሻጮች ሌቦች ናቸው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ሁለተኛውም። ጥርሱ እንደ ብስኩት ረገፈ። ሞተሩ ምንም አላለም፤ መዞሩን ቀጠለ። የድሮዋ ብትሆን ይኼኔ ቆማ ነበር። ቆማ ነበር ብዬ ጻፍኩ? ልሰርዘው አልኩና ተውኩት።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ማን እንደሆነች አልነግርህም፣ ደብተሬ።

ደብተር ካልኩ፦ ሲገዛ ወፍራም ነበር፤ እያለቀ ነው። መስመሩን አጥብበው ነው የሚያትሙት፤ አንዱ ፊደል ሁለት መስመር ይበላብኛል። አምና ግማሽ ገጽ የሚበቃኝ ወሬ ዘንድሮ ሦስት ገጽ ይፈልጋል። አምናና ዘንድሮ ያልኩት ለወሬ ነው።

አሁን የቀረን አንድ መቁረጫ ነው። እንዲህ ዓይነት ለማዘዝ ሁለት ወር ይፈጃል። ይህም ከተሰበረ አበቃ። ማሽኗም፣ ቤቱም፣ አሥራ ዘጠኝ እርምጃዬም። ሞተሩ ይቀየር እንዳልል፣ ያስገዛሁት እኔ ነኝ። ሞተሩ ደህና ነው እንዳልል፣ ታዲያ የሚሰብረው ማነው? በሁለቱም በኩል በር ተዘግቶብኛል፤ የዘጋሁትም እኔ ራሴ ነኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

የፋብሪካው ሰውዬ ሥራውን ሊያይ መጣ። ከሁለት ማርሽ ላይ የተቦጨቀ ጥርስ አገኘ። «እነዚህ በጥድፊያ የተቆረጡ ይመስላሉ» አለ። ከዚያ መለኪያውን ጥርሱ ላይ አጥብቆ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «ያንብቡት እስቲ፣ ስንት ይላል?»

«መሣሪያው ያንተ፣ ዓይኑ ያንተ፤ አንተ አንብበው!» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሷና ጭጭ ግን አልሳቁም።

ቀልዱ ግሩም ነበር። ላቤ ግን ጀርባዬ ላይ ወርዶ ቀበቶዬን አረጠበው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

እንዴት አድርጌ ልጻፈው።

ከሰዓት ነው። ሠላሳ ሁለተኛው ማርሽ ላይ ነኝ። ጠረጴዛውን መለስኩ፣ ዲስኩን አዞርኩ፣ በመስኮቷ አየሁ፣ 3 ነው። ነበር። ጠረጴዛውን ለቀቅኩት። እሷ በበሩ ገባች፤ «ጋሼ፣ ፋብሪካው ደውሎ…» አለች። ያኔ ጠረጴዛው ሮጠ። እጄ ወደ ማብሪያው ሲሄድ ብረቱ ጮኸ፤ ከዚያ ሰበር አለ፤ አንድ ነገር በጆሮዬ አጠገብ አለፈ።

«ውይ!» አለች። ጮክ አላለችም።

ማሽኗን አጠፋሁ። ዞርኩ። ደም ብቻ ነው የታየኝ፤ ቀይ፤ ፊቷ ላይ። ዓይኗ መሰለኝ። ጌታዬ ሆይ፣ ዓይኗ መሰለኝ።

ቅንድቧ ነው። የመቁረጫው ስባሪ ቅንድቧን ሰንጥቆ ግድግዳ ላይ ተሰክቷል። አራት ቦታ ተሰፋች። ሐኪሙ «አንድ ጣት ዝቅ ቢል ኖሮ…» አለ።

ከመሄዷ በፊት፣ ጨርቅ ፊቷ ላይ ይዛ፣ «ስንት ላይ ነበር ጋሼ?» አለችኝ።

«ሦስት» አልኩ።

አንድ ነገር ልጻፍና ልተኛ። እሷን ደግፌ ወንበር ላይ ሳስቀምጣት፣ ከኋላዬ ማሽኗ ጋ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አምስት ጊዜ። ስዞር ጭጭ ከዲስኩ መስኮት አጠገብ ቆሟል። ሄጄ አየሁ። አስጠግቼ አየሁ። በጣቴ ዳሰስኩት። 3 ነበር።

አርብ፣ ሰኔ 6

ከስምንት ወደ ኋላ ሦስት ድረስ አምስት ነው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ወርክሾፑ ዝግ ነው። ብቻዬን ገብቼ ማሽኗ ፊት ተቀመጥኩ። በምላጭ የፋቅሁትን ቦታ በጣቴ ፈለግሁት። ዲስኩን እያዞርኩ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ዳሰስኩ፤ 1 ለስላሳ ነው፣ 2፣ 3። ምላጩ የቧጨረው 3 ላይ ነው። ዙሪያው ብቻ ሻካራ ነው፤ ሌሎቹ ቁጥሮች ላይ አንድም ጭረት የለም።

ቀለሙ የጥፍር ቀለም ነበር። የተቀባው 3 ብቻ ነው።

ማን እንደ ቀባው አሁን መጠየቅ አያስፈልግም። እኔ አትቁሚብኝ ብዬ ጮህኩባት፤ እሷ ሳትቆም የምትቆምበትን መላ ፈለገች። እኔ ተነስቼ በቲነር አጠብኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ! እሷም ያን ጊዜ ዕቃ ታጥብ ነበር። ሰምታኛለች። እንዴት አትሰማኝም፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶኛል።

የኔ ነገር። የኔ ከንቱ ነገር። ኩራትን እራት አድርጌ ስበላ ከረምኩ፤ የሰፌድ ያህል ደብተር ሞልቼ ለራሴ እንኳ እውነቱን አልጻፍኩም። አሁን ልጻፈው። በትልቁ ልጻፈው፤ ለነገሩ ትንሽ መጻፍም አልችልም።

ዓይኔ አያይም። ከመስከረም ጀምሮ አያይም። አምፖሉ ደህና ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ጠዋት ጭጭን አስከትዬ ወደ ጠቅላዩ ሄድኩ። አሮጌዋን ሞተር መልሰህ ስጠኝ ልለው ነው፤ ይኼኔ ሸጧታል ብዬ ልቤ ተሰቅሏል። መደርደሪያው ላይ፣ ጨርቅ ለብሳ ተቀምጣለች። ወረቀት ተለጥፎባታል።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«‹አይሸጥም› ይላል» አለ ጠቅላዩ። ደግሞም «ከወሰድኳት ማግስት ነው የጻፍኩት። ሰባት ተኩሉን መልሰው፤ እሱን ገዢ አላጣለትም» አለ።

ለካ ሁሉም ያውቅ ነበር። እኔ ብቻ ነኝ የተደበቅሁ፤ ያውም ከራሴ።

ሞተሯን እኔና ጭጭ በሁለት ወገን ይዘናት ስንመለስ፣ «አምስቱን ሰማሁ» አልኩት።

ሞተሯን በእጁ አመቻቸ።

«ለምን አዞርክልኝ?»

«ሰው ተሰብስቦ ነበር።»

«ለምንስ ቀድመህ አልነገርከኝም?»

ሞተሯን አሳረፋትና ላቡን ጠረገ። «ሰውን ዓይንህ ጠፍቷል ብለው እንዴት ይናገሩታል?» አለ። «አንተ ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነው። እኔ ፍሬዛህን አልፈልግም። ቶርኖው ራሱ ወገቤን ጨርሶታል።» እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ «ያዝ፣ እንሂድ» አለ።

እሷ ቅንድቧ ላይ ፋሻ አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች። ሞተሯን ስታይ ዘወር አለችና ፊቷን በክንዷ አበሰች። ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋኝ።

«ዓይኔ አያይም» አልኳት። «ስምንት ላይ ነበር። መጀመሪያም ሞተሯን የሚያቆማት ስምንት ነበር። የስፌት መኪናሽን ያሸጥኩሽ በከንቱ ነው። አንቺንም ልገድልሽ ነበር…»

«ሞራ ነው ጋሼ» አለች፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ አፏ ላይ የነበረ ይመስል። «እናቴም ነበራት። ይገፈፋል። ሄደን እናሳየዋለን።»

«ሥራውስ? መቁረጫውስ?»

«ፋብሪካው ያን ቀን የደወለው ለእሱ ነበር። ከመጋዘናቸው አንድ መቁረጫ አግኝተዋል፤ ያውሱናል። የተቦጨቁትን ጨምሮ አሥራ ዘጠኝ ማርሽ ይቀረናል፤ አሥር ቀን አለን። ቁጥሩን እኔ እጠራለሁ፤ እርስዎ ይቁረጡ። ከፈቀዱልኝ።»

ከፈቀዱልኝ! በእሷ ቤት፣ በእሷ ማሽን። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

ሞተሯን አሰርን። ቺንጋውን እኔው ነኝ ያሰርኩት፤ ላላ አድርጌ፣ ወንድሜን እንዳስተማርኩት። አስነሳኋት። ያቺው የድሮ ድምጿ ነች። ከዚያ አጠፋኋትና ዞር አልኩ።

«ያ ቀዩ ቀለም አለሽ?»

ከሽርጧ ኪስ አወጣችው። እዚያው ኪሷ ውስጥ ነበር፤ ይህን ሁሉ ቀን።

«የቱን እንደምትቀቢ ታውቂያለሽ» አልኳት። «ወፈር አድርጊው።»

ጎንበስ ብላ በመስኮቷ ስትቀባ አምፖሉን ከምሰሶው ላይ አውርጄ ያዝኩላት። ጭጭ ቶርኖውን አቁሞ መጣና አጠገባችን ቆመ። እስኪደርቅ ጠበቅን። ከዚያ «እስቲ ይዩት» አለችኝና ዲስኩን አዙራ ገለል አለችልኝ።

አየሁ። ቁጥሩ ዛሬም አልታየኝም። ቀዩ ግን ታየኝ።